የዘንዶውን ዋሻ ይዤ ወደ አቃቂ

ከአሰላ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ አቃቂን ያልፋታል እንጂ አይወርድባትም። እኔም ከተማሪነቴ ጀምሮ በዚያ መንገድ ስመላለስ የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም በእንቅልፍ መካከል ነበር። አሁን ግን አራት ቀን ከርሜባት ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። የሥራ ባልደረቦቼ «ለመሆኑ አቃቂ ምን የሚታይ አለ?» ይሉኛል። እኔ የምጽፈው የታየውን ሳይሆን የሆነውን ነው። ትዝታዬን ስለማላምነው ደግሞ ከዚህ በላይ ሳይርቅብኝ እጽፈዋለሁ።

የሄድኩት ለአንድ ጨዋታ ስል ነው። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆንና በዓይን የማይታይ አገር ይነግራቸዋል፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ የሚያስፈራውን ፍጥረት። ሌሎቹ በዚያ አገር የሚኖር አንድ አንድ ሰው ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካላቸው እንደሆነ የሚወስነው ዳይስ ነው፤ ማለትም ስድስት ገጽ ያለው፣ በየገጹ ነጥብ የተቀረጸበት ትንሽ ጠጠር። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶልን የሄደውን፣ ገጾቹ የጎደሉ መጽሐፍ መነሻ አድርገን ከዶርም ጓደኛዬ ከሙሉጌታ ጋር የራሳችንን ሠራን። የመጽሐፉን ባዕድ ግንቦች ጣልናቸው፤ በምትካቸው ምንጭ አፍ ላይ ተኝቶ አንድን መንደር በውኃ ጥም የሚያስጨንቅ ዘንዶ አስቀመጥን። የትኛው ደንብ ከመጽሐፉ፣ የትኛው ከሙሉጌታ፣ የትኛው ከእኔ እንደመጣ ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም።

አሰላ መምህር ከሆንኩ ወዲህ የክበብ ተማሪዎችን አጫውቼበታለሁ። ነገር ግን የደንቡ ግማሽ በደብተር፣ ግማሹ በጭንቅላቴ ውስጥ ነው። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ የልጆቹን ስም እያቀያየረ ይጠራ ነበር። እኔም አምና የራሴን ክፍል በር አልፌ፣ ሌላ ክፍል ገብቼ፣ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፌ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ቆረጥኩ፤ ይህ ጨዋታ ታትሞ ያለ እኔ መኖር መቻል አለበት። በዚሁ ወራት ሙሉጌታ ጻፈልኝ። እርሱ ዛሬ አቃቂ የሒሳብ መምህር ነው። ጎረቤቱ ሐጂ ሸምሱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከጀርባው አነስተኛ ማተሚያ አላቸው፤ ለክረምት ዕረፍት ልጆች የሚገዙት ነገር ይፈልጋሉ። «መጥተህ አጫውታቸው» ይላል ደብዳቤው። «ከተስማማቸው ያትሙታል። ካልተስማማቸው ሌላ አታሚ አላውቅም።»

ሐሙስ

ከአሰላ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ፣ ጭላሎ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ ነው። ጋቢ ለብሼ ነበር። አዳማ ስንደርስ ጋቢውን አጣጠፍኩት፤ ሞጆ ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ቢሾፍቱን አልፈን ዱከም ላይ ለረዳቱ «አቃቂ ወራጅ ነኝ» ብዬው እንደነበር አጥብቄ አስታውሳለሁ። እርሱ ግን አልነገርከኝም ይላል። ምናልባት ልነግረው አስቤ ተኝቼ ይሆናል። ብቻ ዓይኔን ስገልጥ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆመናል፤ አቃቂም እንደ ልማዷ ከኋላዬ ቀርታለች።

ወደ ኋላ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ምሳ ሳህን ይዟል። ምሳ ሳህኖቹ ሲወርዱ የመጨረሻው ፌርማታ መስሎኝ አብሬ ወረድኩ። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ካሉት ኪዮስኮች በአንደኛው የተቀመጠች ሴት ሳልጠይቃት ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

«ቦርሳ ይዘው አይገቡም፣ ወንድሜ። እዚህ ያስቀምጡት። ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«ማንንም አልጠይቅም። አቃቂ ነበር የምሄደው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ታዲያ ምን ብለው ወረዱ?»

«ሰው ሲወርድ ወረድኩ።»

«እሰይ! ሰው ሲገባ ቢገቡስ ኖሮ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም በዚያ የሚያልፍ የባጃጅ ነጂ በስሙ ጠርታ፣ «እኚህን ሰው የሚፈልጉት በር ድረስ አድርሳቸው፤ መንገድ ላይ እንዳትጥላቸው፣ ብቻቸውን አይሆንላቸውም» ብላ በአደራ አስረከበችኝ። አሰላ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ጋሪ ነው። ፈረስ ግን መንገዱን ስለሚያውቅ ተሳፋሪው ቢሳሳትም ያደርሰዋል፤ ባጃጁ ሦስት ጊዜ አዟዟረኝ። የሙሉጌታ ባለቤት አልማዝ እግሬን እንድታጠብ ውኃ አሙቃ ጠበቀችኝ። ትኩስ ምስር ወጥ በልተን ጋቢዬን ለበስኩ፤ ሞቀኝና መልሼ አወለቅኩት።

ዓርብ

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ከመደብሩ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ደብተር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የቀለም ሽታ አለ። አራት ተጫዋቾች ነበሩ። ሙሉጌታና አልማዝ፤ ከብረታ ብረት ፋብሪካ በጡረታ የወጡት ጋሽ ደበላ፤ እንዲሁም በመደብሩ ኮምፒውተር የምትጽፈው ዘይነባ። ዘይነባ አባቷ ከወሎ የመጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ምላሷም እንደ ጭነት መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ሐጂ ሸምሱ «እኔ አያለሁ» ብለው በበሩ በኩል ተቀመጡ።

ምን መሆን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ ለጋሽ ደበላ ቀጥቃጭነትን አቀረብኩላቸው።

«አርባ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ በሕልም አገርም ልቀጥቅጥ? አዝማሪ አድርገኝ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ የተገነዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚመርጠው ያልሆነውን ነው።

ዋሻው አፍ ላይ አደረስኳቸው። በደንቡ መሠረት ትልቁን ቁጥር ያወጣ ቀድሞ ይገባል። የውጭው መጽሐፍ ሰው ሁሉ ለመቅደም እንደሚሽቀዳደም አድርጎ ያስባል፤ አሰላ ያሉ ተማሪዎቼም እኩዮች ስለሆኑ ተሽቀዳድመዋል። እዚህ ግን ትልቁ ቁጥር ለዘይነባ ወጣ።

«ጋሽ ደበላ ቆመው እኔ ልግባ? አላህ አያድርገው!»

«ግቢ ልጄ፤ የዘንዶ ቤት እንጂ የሰርግ ቤት አይደለም።»

«በጭራሽ። እርስዎ ይቅደሙ።»

«ሴቶቹ ይቅደሙ እንጂ። አልማዝ፣ ግቢ በሞቴ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንግዳው ያዝኑብናል፤ እርስዎ ይግቡ» አለች አልማዝ።

ከበሩ በኩል ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «አንተ ደበላ፣ ዝም ብለህ አትገባም? ዕድሜህን እንደሆነ በልተኸዋል!»

በልቤ ውስጥ ዘንዶው እንቅልፉን ጨርሶ ይጠብቃቸዋል፤ እነርሱ በሩ ላይ ይገባበዛሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። በመጨረሻ አልማዝ «ቤታችን እንዴት ነው የምናደርገው? አንድ ሰው ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይለመናል። እምቢ ካለ ሦስተኛውን የለመነው ራሱ ይግባ» አለች። ልክ ነበረች። ዘይነባን መጨረሻ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የለመኗት ጋሽ ደበላ ስለነበሩ እየሳቁ ገቡ፤ እኔም ደንቡን ጻፍኩ።

ዳይሱን ለጋሽ ደበላ ስሰጣቸው ግን፣ እስከዚያ ከበሩ ሆነው በደንብ ያላዩት ሐጂ ቀርበው እጃቸውን ዘረጉ። ጠጠሩን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይህ ቁማር ነው።»

«ሐጂ፣ ገንዘብ የለበትም እኮ።»

«ዛሬ የለበትም። ልጆቹ እጅ ሲገባ ይኖርበታል። እኔ መስጊድም ገበያም የምታወቅ ሰው ነኝ፤ ይህን ሣጥን ውስጥ አድርጌ አልሸጥም። ያለዚህ ይሄዳል?»

ያለ ዳይስ ሄዶ አያውቅም። ዓርብ የተበተንነው በዚህ ነው። ማታ ሽሮ በላን። ሙሉጌታ «ነገ አውቶቡስ አለ» አለ፣ ለመቀለድ። ለዳይሱ ምትክ ሳላገኝ አልሄድም አልኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት የሙሉጌታን ጎረቤቶች በሠፈሩ ቡና ቤት በረንዳ ላይ እቁብ ሲጥሉ አየኋቸው። ጸሐፊው የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉበትን ጣሳ ነቀነቀ፤ አንድ ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ አወጣ። ይህ በአሰላም ያለ ነገር ነው፤ በየወሩ አየዋለሁ፤ ሆኖም ለማየት አቃቂ ድረስ መምጣት ነበረብኝ። ሮጬ መደብሩ ደረስኩና ዘይነባን ወረቀት አስቆረጥኳት። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ጻፍን፤ ጠቅልለን የእርሳስ መያዣ ጣሳ ውስጥ ጨመርን።

ሐጂ ጣሳውን አዩት። «ይህ ዕጣ ነው። ዕጣ ሌላ ነው» አሉና ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። «ነጋዴ እንዳታደርገኝ ብቻ፤ በቅቶኛል።» መድኃኒት አዋቂ ሆኑ።

ከሰዓት በፊት የተጫወትነው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ደረሰብኝ። የመጀመሪያው፣ ተጫዋቾቹን በስተግራ ያለውን ወንዝ አሻገርኳቸው።

«መምህር፣ ወንዙ ትናንት በስተቀኝ ነበር» አለች ዘይነባ።

«በስተግራ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ትናንት ወንዝ ውስጥ ቆሜ ነበራ የማወራው!»

ሁሉም በስተቀኝ ነበር አሉ። ተሸነፍኩ።

ሁለተኛው የዕጣው ነገር ነው። እኔ እያንዳንዱ የወጣ ዕጣ ወደ ጣሳው እንዲመለስ አድርጌ ነበር። ጋሽ ደበላ አሥራ ሁለትን አውጥተው ስለነበር፣ እርሳቸው ራሳቸው ወረቀቱን ከጣሳው አራቁት።

«የደረሰው ሰው ዕጣ ተመልሶ ጣሳ ይገባል እንዴ? የት አገር እቁብ ነው?»

«ጋሽ ደበላ፣ እቁብ አይደለም እኮ። ዕድል ሁልጊዜ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት።»

«እኩልማ የሚሆነው የወሰደ ሲወጣ ነው!»

ረጅም ተከራከርን። ካልተመለሰ ጣሳው ውስጥ የቀረው ይታወቃል፤ ከታወቀ አያስደነግጥም ብዬ ተሟገትኩ። ተራኪው እኔ ስለነበርኩ እንዲመለስ ሆነ።

ምሳ ሐጂ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ቆጮና ክትፎ አቀረቡ። እኛ አሰላ ገብስና ስንዴ ስለምናበዛ ቆጮውን እንዴት እንደምቆርሰው ተቸግሬ ሳለሁ፣ ሐጂ ቆርሰው በክትፎ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እያጎረሱኝም ፈረዱብኝ።

«ጨዋታህ ደስ ይላል። ግን ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው። ወንዙን ስትረሳ አየሁህ። ቅር አይበልህ፤ ጭንቅላትህን ማተም አልችልም። ሣጥኑን የሚገዛው ልጅ አንተን አብሮ አይገዛም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዛሬ ዘይነባ ደንብህን ትጻፍልህ። ነገ አንተ በሌለህበት እንጫወተዋለን። ሙሉጌታም ስለሚያውቀው ይውጣ። ዘይነባ ወረቀቱን ይዛ ትተርካለች። እስክንጨርስ አንድም ሰው ሊጠይቅህ ካልወጣ፣ አንተም ካልገባህ፣ አትመዋለሁ። ከወጣ ግን ደብተርህን ይዘህ በሰላም አገርህ ትገባለህ።»

ጉርሻውን ዋጥኩት። እስማማለሁ አልኳቸው። እስከ ማታ እየነገርኩ ዘይነባ ጻፈች፤ «ይህንን ሁለት ጊዜ ብለውታል» እያለች፣ «ይህ ደግሞ ከላይኛው ጋር ይጣላል» እያለች። ስድስት ገጽ ሆነ።

እሑድ

የፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ ነቃሁ። ስድስቱን ገጽ መስኮቱ አጠገብ አንብቤ እዚያም እዚያም በእስክሪብቶ አረምኩ። ምን ምን እንዳረምኩ በዚያ ጠዋት የጠየቀኝ ቢኖር፣ ሁለት የፊደል ግድፈትና አንድ ቁጥር እለው ነበር።

ጋሽ ደበላ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዘይነባ ወረቀቱን ተቀብላኝ ገባች። ሐጂ፣ ጋሽ ደበላና አልማዝ ተከተሏት። በሩ ተዘጋ። ሙሉጌታና እኔ ግቢው ውስጥ፣ የወረቀት ቁራጭ በታጨቀባቸው ማዳበሪያዎች ላይ ተቀመጥን። ከራሳችን በላይ ያለው መስኮት ተከፍቷል፤ ድምፃቸው ይሰማል። በአሰላ እንዲህ ያለ ቀን ፀሐይ ፈልጌ እቀመጥ ነበር፤ እዚህ ጥላ ፈልጌ ተጠጋሁ።

ዘይነባ እኔ ከምተርከው በተሻለ ተረከች። የእኔ ጉም ዝም ብሎ ጉም ነበር፤ የእርሷ ጉም ሹፌር አባቷ የነገሯት ይመስለኛል፣ የፊት መብራት የሚውጥ፣ ገደሉን የሚደብቅ ዓይነት ነው። አንድ ሰዓት አለፈ። በሩ ተንቋቋ። ጋሽ ደበላ ወጡ።

ሁለታችንም ተነሣን።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ። «ሽንት ቤት ነው የምሄደው። እሱም በደንቡ ተከልክሏል?»

ተመልሰው ገቡ። ተቀመጥን። ወዲያውም የዘይነባ ድምፅ መጣ። «ዘጠኝ ወጣ። ዘንዶው በጅራቱ ሰንዝሮ ስቷል። ዘጠኝን ከሌሎቹ ጋር ወደ ጎን አድርጉልኝ።»

ወደ ጎን! ብድግ አልኩ። ሙሉጌታ የኮቴን ጫፍ ያዘ።

«ወዴት?»

«ደንቡን አበላሹት! ዕጣው እኮ ይመለሳል! በዚህ ከቀጠሉ ጣሳው ባዶ ሊሆን ነው።»

«ይሁን ባዶ።»

«ጨዋታው አይደለም እኮ የሚጫወቱት፣ ሙሉጌታ! አንድ ቃል ብቻ ብነግራቸው . . .»

«አንድ ቃል ከነገርካቸው አለቀልህ። ስንት ዓመት የተሸከምከውን በአንድ ቃል ትጥለዋለህ። ቁጭ በል።»

አልተቀመጥኩም፤ አልገባሁምም። በበሩና በማዳበሪያው መካከል ቆምኩ። ከውስጥ አልማዝ ስትናገር ሰማሁ።

«ቆዩ፣ ዕጣው ይመለሳል መሰለኝ። ትናንት እንደዚያ ነበር። ወጥቼ ልጠይቀው?»

ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ሙሉጌታ ኮቴን ይበልጥ ጨበጠው።

«ማንንም አትጠይቂ» አሉ ሐጂ። «ትናንትን ተይው። ወረቀቱ ምን ይላል?»

ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። ዘይነባ አነበበች። «‹የወጣ ዕጣ ወደ ጣሳው አይመለስም። ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ በሁሉም ፊት ተዘርግቶ ይቀመጣል።› እኔ የጻፍኩትን ሰርዘው በእጃቸው የጻፉት ነው።»

ቁጭ አልኩ። ከጋሽ ደበላ ጋር የተከራከርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ እንዴት እንደረታኋቸውም አስታውሳለሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ሆኜ እንደተረታሁ ግን ረስቼ ነበር። አሁንም ቢሆን ያንን መስመር የጻፍኩበትን ቅጽበት ላመጣው ስሞክር የሚመጣልኝ የጥሩምባው ድምፅ ብቻ ነው። ገብቼ ቢሆን ኖሮ ትክክሉን ወረቀት በተሳሳተ ትዝታ አርመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ዘንዶው ከምንጩ ላይ ሊነሣ ነው፤ ለመጨረሻው ተራ ከስምንት በላይ ያስፈልጋል። ጣሳው ውስጥ ሦስት ዕጣ ቀርቷል።

«ሁለት አልወጣም» አሉ ጋሽ ደበላ። «ሦስትም አልወጣም።»

«አሥራ አንድም አልወጣም» አለች አልማዝ።

«እዚያ ውስጥ ነው እንግዲህ» አሉ ሐጂ። ጣሳው ሲንቀጠቀጥ ሦስቱ ወረቀቶች ቆርቆሮውን ሲነኩት እንኳ ይሰማል። የቀረው ከታወቀ አያስደነግጥም ብዬ የተሟገትኩት እኔ፣ እጄ ማዳበሪያውን ጨብጦ ነበር።

«ቢስሚላህ» አሉ።

«ሦስት» አለች ዘይነባ ቀስ ብላ።

የጋሽ ደበላ «ወይኔ!» መደብሩን አልፎ መንገድ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ።

«ሞትን» አሉኝ። «አራታችንም። ዘይነባ እንኳ ተራኪ ሆና ሞቻለሁ ትላለች። መንደሩ ውኃ አላገኘም።»

«አዝናለሁ፣ ሐጂ።»

«አንተ ምን አገባህ? አሥራ ሁለቱን ገና ዋሻው በር ላይ ያባከነው ደበላ ነው። ለሚመጣው እሑድ ተቀጣጥረናል፤ ተመልሰን እንገባለን።» ከዚያም ትዝ እንዳላቸው ሰው ቆም ብለው ወደ ሙሉጌታ ዞሩ። «ማንም አልወጣም አይደል?»

«ጋሽ ደበላ ለሽንት» አለ ሙሉጌታ።

«እሱ አይቆጠርም። እናትማለን።»

እጄን ጨብጠውኝ ወደ ማተሚያው ገቡ። የአሰላ አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ስለሚነሣ አልማዝ ምሳ ልታቀራርብ ሮጠች። ዘይነባ ስድስቱን ገጽ ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

«መምህር፣ ከመሄድዎ በፊት» አለችኝ። «ይህችን የዕጣውን መስመር እንዴት ላድርጋት? ቅዳሜ እየነገሩኝ የጻፍኩት ‹ይመለሳል› ይላል፤ በእጅዎ ያለው ‹አይመለስም› ይላል። የትኛው ነው የእርስዎ?»

አሰብኩ። የማስታውሰው የመጀመሪያውን ነበር።

«እኔ የነገርኩሽን ሰርዢው» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ ያለውን አትሚ።»